የከርሰ ምድር ውሃ በዓመት ስንት ይተካል? ከአንድ ጉድጓድና ከአንድ ዝናብ መለኪያ ተነስቶ የማስላት ዘዴ

መጥፎውን ዜና ላስቀድም። ከላይ ሰርጎ ወርዶ የከርሰ ምድር ውሃን የሚተካውን፣ ባለሙያዎቹ ሪቻርጅ የሚሉትን ውሃ፣ ለአንድ አካባቢ በሙሉ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። ሊሲሜትር የሚባል አፈር የተሞላ ገንዳ አለ፤ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይለካል። ግን እሱ የሚያወራው ስለራሱ ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ዝናብ ይለካል፣ ወንዝ ይለካል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ይለካል። ሪቻርጅ ግን ከነዚህ ተነስቶ ይገመታል።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ብቻ ተጠቅሞ «መልሱ ይሄ ነው» የሚላችሁን ሰው ጠርጥሩት። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ካለው ደግሞ ጭራሽ አትመኑት። የሚያዋጣው በተለያየ ምክንያት የሚሳሳቱ ሁለት ሦስት ዘዴዎችን ይዞ እርስ በርስ ማፋጠጥ ነው። እዚህ የምጽፈው ይሄንኑ ነው። ለሃይድሮጂኦሎጂ ተማሪም፣ ውሃ ፕሮጀክት ላይ ለሚሠራ መሐንዲስም፣ እንዲሁ ነገሩ ለሚከነክነው ሰውም ይሆናል። ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለውም።

ጉድጓዱን ከመንካታችሁ በፊት ስዕል ሳሉ

ወረቀት አውጡና መሬቱ በቢላ ለሁለት ቢቆረጥ ጎኑ ምን እንደሚመስል ሳሉ። ከፍታው የት ነው፣ ወንዙ የት ነው፣ አፈሩ ስንት ሜትር ይወርዳል፣ ከሥሩ ምን ዓይነት አለት አለ። ውሃው የት ይገባል? የት ይወጣል? ምንጭ፣ ረግረግ፣ ወንዝ፣ ሥራቸው ጠልቆ የሚጠጣ ዛፎች፣ ፓምፖች፣ ሁሉም መውጫ ናቸው። ስዕሉ ቢያስጠላም ግድ የለም። የምትመርጡት ዘዴ ግን በሱ ነው የሚወሰነው። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ በቀጥታ ኤክሴል ይከፍታል። እዚህ የተሠራ ስህተት በኋላ በየትኛውም ስሌት አይስተካከልም።

ስዕሉ ላይ ሁለት ነገር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። አንደኛው ውሃው የሚገባበት መንገድ ነው። እርጥብ በሆኑ አካባቢዎች ዝናቡ ሜዳው ላይ ሁሉ ተበትኖ በየቦታው ትንሽ ትንሽ ይሰርጋል። ደረቅ አካባቢ ላይ ግን አፈሩ የጠጣውን ፀሐይና ዕፅዋት መልሰው ይወስዱታል፤ አብዛኛው ሪቻርጅ የሚመጣው ጎርፍ ከሚሰበሰብባቸው አሸዋማ የወንዝ ወለሎች፣ ከጉድባዎችና ከአለት ስንጥቆች ነው። በሜዳው መሀል ያለ ጉድጓድ ምንም ሳይነቃነቅ ወንዙ አጠገብ ያለው በሁለት ሜትር ሊነሳ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ሁለተኛው አኩፈሩ፣ ማለትም ውሃውን የያዘው የአሸዋ፣ የጠጠር ወይም የአለት ንብርብር፣ ከላይ ክፍት ነው ወይስ ክዳን አለው የሚለው ነው። ይሄን ለማወቅ የቁፋሮውን መዝገብ ፈልጉ። ቆፋሪዎቹ ውሃ ያገኙት 40 ሜትር ላይ ሆኖ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ተነስቶ 15 ሜትር ላይ ከቆመ፣ ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር ተጭኖታል፤ የምታዩት ከፍታም ግፊት ነው። እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ላይ ከታች የምገልጸው የመጀመሪያ ዘዴ አይሠራም። አይሞከርም። ክፍት አኩፈር ላይ የውሃው ጠለል፣ ማለትም የውሃው የላይኛው ገጽ፣ አንድ ሜትር ሲነሳ አሥር፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ውሃ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ክዳን ባለው ላይ ግን ያው አንድ ሜትር ብዙ ጊዜ ከአምስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ያም ከሩቅ የመጣ የግፊት ለውጥ እንጂ እዚያ ቦታ የሰረገ ዝናብ ላይሆን ይችላል።

ጉድጓዱን መለካት

የማይቀዳበት ጉድጓድ ፈልጉ። ከጠፋ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቁ። በየአሥር ደቂቃው ለኩ፤ ንባቡ መለወጡን ሲያቆም ነው የምትመዘግቡት።

መለኪያው ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮህ ባለ ሜትር ጥብጣብ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ጥቂት ነገር ልብ በሉ። የጉድጓዱ ቧንቧ አፍ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የተለመደ ነው። በሞረድ አንድ ቦታ ላይ ጭረት አውጡና ሁልጊዜ ከሱ ለኩ። ቀለም ይለቃል፣ ጭረት አይለቅም። ጥብጣቡን እስኪጮህ አውርዱ፣ ጩኸቱ እስኪቆም ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ እንደገና አውርዱ፤ ልክ ሲጮህ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጭረቱ ትይዩ ያዙና አንብቡ። ሁለቴ ለኩ። ሁለቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩ። ቧንቧው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ጫፉን ነክቶ ከውሃው በላይ ሊያስጮኸው ስለሚችል፣ ከቀድሞው ንባብ በጣም የራቀ ቁጥር ካገኛችሁ ጫፉን አድርቃችሁ ድገሙት።

በሳምንት አንዴ መለካት ለጅምር ይበቃል። አቅም ካለ ግን ግፊት የሚመዘግብ ሎገር ውስጥ ክተቱና በየሰዓቱ እንዲይዝ አድርጉ። እዚህ ጋ የሚዘነጋ ነገር አለ። ብዙዎቹ ሎገሮች የሚመዘግቡት የውሃውንና ከላዩ ያለውን አየር ግፊት ደምረው ነው። የአየር ግፊት በ10 ሄክቶ ፓስካል ሲለወጥ ሎገሩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የውሃ ለውጥ መስሎ ይታያል። ይሄ ደግሞ የአየር ጠባይ ሲቀያየር የትም የሚያጋጥም ለውጥ ነው። የአየር ግፊቱን የሚመዘግብ ሁለተኛ ሎገር ከላይ አስቀምጡና ቀንሱ። ሎገር ገብቷል ብላችሁም ጥብጣቡን አትጣሉት፤ ሴንሰር ቀስ በቀስ ከልኩ ይንሸራተታል፣ በወር አንዴ በእጅ ካላመሳከራችሁት አታውቁበትም።

የዝናብ መለኪያውንም እዚያው አካባቢ ትከሉ። 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጣቢያ ዳታ የዓመቱን ድምር ለመገመት ይረዳ ይሆናል፣ የአንድን ቀን ዝናብ ከጉድጓዱ ጋር ለማገናኘት ግን አይሆንም።

ከጠለሉ መነሳት ወደ ሚሊ ሜትር

የመጀመሪያው ዘዴ ሐሳቡ አጭር ነው። ዝናቡ መጣ፣ የውሃው ጠለል ተነሳ፣ ስለዚህ የተነሳበትን ከፍታ በስፔሲፊክ ዪልድ ስታባዙት የገባውን ውሃ ታገኛላችሁ።

ስፔሲፊክ ዪልድ ምንድነው? የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ስታሰጡ መጀመሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ አለ፣ መንጠባጠቡ ካቆመ በኋላም ልብሱ ውስጥ የሚቀር እርጥበት አለ። የውሃው ጠለል ሲወርድ አፈሩ የሚለቀው፣ ልክ እንደሚንጠባጠበው ዓይነት፣ ከጠቅላላው መጠን ስንት እጅ ነው የሚለው ነው ስፔሲፊክ ዪልድ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እ.ኤ.አ. በ1967 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሰባሰባቸው ልኬቶች የወጣው አማካይ ዛሬም ይሠራበታል፦ ለሸክላ አፈር 2 በመቶ፣ ለደለል 8፣ ለደቃቅ አሸዋ 21፣ ለመካከለኛ አሸዋ 26፣ ለሻካራ አሸዋ 27። ሸክላ ብዙ ውሃ ይይዛል ግን አይለቅም፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚያንሰው። የተሰነጣጠቀ ጠንካራ አለት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቂት በመቶ እንኳ አይሞላም።

አሁን በቁጥር እንየው። ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ውሃው ከአፈ ጉድጓዱ 12.4 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር እንበል። በዝናቡ ማብቂያ 10.9 ሜትር ላይ ደረሰ። 1.5 ሜትር ተነሳ ብላችሁ ከተነሳችሁ አሳንሳችኋል። ለምን? ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ጠለሉ እዚያው አይቆምም ነበር፤ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ መፍሰሱን ቀጥሎ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት የነበረውን የአወራረድ መስመር በዚያው ጠባዩ ወደፊት ቀጥሉት። ጠለሉ ከፍተኛው ላይ በደረሰበት ቀን 12.7 ሜትር ላይ ይደርስ ነበር ካለ፣ ትክክለኛው መነሳት ከ12.7 እስከ 10.9 ያለው 1.8 ሜትር ነው።

አፈሩ ደለል ከሆነና 8 በመቶ ከወሰዳችሁ 1800 ሚሊ ሜትር ሲባዛ በ0.08፣ 144 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 4 በመቶ ቢሆንስ? 72። 12 በመቶ ቢሆንስ? 216። ጥብጣቡን በሚሊ ሜትር ስታነቡ ውላችሁ መጨረሻ ላይ ውጤቱ በሦስት እጥፍ የሚዋዥቀው በዚህች አንዲት ቁጥር ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን እሷ ላይ አጥፉ። ከተቻለ ከአካባቢው የአፈር ናሙና ላብራቶሪ ይግባ። የፓምፕ ሙከራ ካደረጋችሁ ደግሞ ረዘም ያለ ይሁን፤ የጥቂት ሰዓት ሙከራ ቁጥሩን አሳንሶ ያሳያል፣ አፈሩ የያዘውን ውሃ ለመልቀቅ ጊዜ ይፈልጋላ።

ሁለት ወጥመዶችም አሉ። አንዱ ሊስ ኤፌክት የሚባለው ነው፣ ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከታየባት የሆላንድ ከተማ ነው። ኃይለኛ ዝናብ የአፈሩን ገጽ በውሃ ሲደፍነው ከሥር ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ ይታመቅና የጉድጓዱን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝናብ ዘንቦ ጉድጓዱ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ እጥፍ ሲነሳ፣ ከዚያም በአንድ ሁለት ቀን ወደነበረበት ሲመለስ ካያችሁ፣ ያ ሪቻርጅ አይደለም፣ የታመቀ አየር ነው። በሳምንት አንዴ የሚለካ ሰው ይሄን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ የሎገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ወጥመድ ተቃራኒው ነው። ጠለሉ ፍንክች ሳይል ዓመቱ ሲያልቅ «ሪቻርጅ የለም» ማለት። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ከሆኑ ጠለሉ አይንቀሳቀስም፣ ውሃው ግን እየገባ ነው። ይሄ ዘዴ የሚያየው ድንገት የሚመጣውን መነሳት ብቻ ነው።

ክሎራይድ፦ ጨው አይተንም

በግሌ የምወደው ይሄን ነው። ርካሽ ነው፣ ስፔሲፊክ ዪልድ አያስፈልገውም።

ዝናብ ውስጥ ከባሕር በነፋስ የመጣ ትንሽ ክሎራይድ፣ ማለትም የጨው አንዱ ክፍል፣ አለ። ውሃው አፈር ውስጥ ሲገባ ፀሐይና ዕፅዋት ውሃውን ይወስዳሉ፣ ክሎራይዱን ግን ከሞላ ጎደል ትተውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የተረፈው ውሃ ጨውነቱ ይጨምራል። በዝናብ ውስጥ ያለውና በጉድጓድ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሲነጻጸሩ ከዝናቡ ስንት እጁ እንደተረፈ ይነግሯችኋል። ስሌቱ፦ ዝናብ ሲባዛ በዝናቡ ክሎራይድ፣ ሲካፈል ለጉድጓዱ ክሎራይድ።

በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ በዝናቡ ውስጥ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም ክሎራይድ አለ እንበል። ሲባዙ 720። ሦስት ጉድጓዶች በሊትር 5፣ 10 እና 20 ሚሊ ግራም አላቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሦስቱን አማካይ 11.7 አውጥቶ 720ን ያካፍልና 62 ሚሊ ሜትር ይላል። ስህተት ነው። የእያንዳንዱን ሪቻርጅ ለየብቻ አውጡ፦ 144፣ 72፣ 36። አማካዩ 84 ነው። ብዙ ውሃ የሚገባበት ቦታ ክሎራይዱ ያነሰ ስለሆነ፣ ክሎራይዱን ቀድማችሁ አማካይ ካወጣችሁ ጨዋማው ጉድጓድ ከድርሻው በላይ ይጫናል።

ናሙናው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በተለይ የዝናቡ ላይ። መያዣው ውስጥ ውሃ ከተነነ ክሎራይዱ ይበዛል፣ ሪቻርጃችሁም በዚያው ልክ ያብጣል። መሰብሰቢያው ፈነል ጉሮሮ ላይ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ አስቀምጡ፤ ሲዘንብ ይንሳፈፋል፣ ሲያባራ ቁጭ ብሎ ይዘጋል። መያዣውን ጥላ ውስጥ ወይም መሬት ቀብራችሁ አኑሩት። የአንድ ቀን ዝናብ አይበቃም፤ ዓመቱን ሙሉ ሰብስቡ። ዝናብ በሌለበት ጊዜ በአቧራ የሚመጣ ክሎራይድም አለ፣ ስለዚህ ፈነሉ በደረቁም ወቅት ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ያረፈበት አቧራ በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ይገባል። ከጉድጓዱ ስትቀዱ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ የቆመውን አሮጌ ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል አውጡና፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያው ንባብ ሲረጋ ሙሉ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቁት። እጃችሁ ላብ ካለው የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ አትንኩ፤ የላብ ጨው ለዚህ ሥራ ትንሽ አይደለም።

የማይሠራበትም አለ። መፀዳጃ ጉድጓድ አጠገብ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ማዳበሪያ በሚበተንበት እርሻ፣ የጨው ንብርብር ባለበት አለት፣ የባሕር ውሃ በሚገፋበት ዳርቻ፣ አትሞክሩት። ክሎራይድ ከሌላ ቦታ ከመጣ ስሌቱ ሪቻርጁን አሳንሶ ያወጣል። ናይትሬትም አብራችሁ አስመርምሩ። ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ ምንጩ ሰው ወይም እርሻ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፣ ያንን ጉድጓድ ከስሌቱ አውጡት። ጎርፍ ሆኖ ከአካባቢው የሚወጣ ዝናብ ብዙ ከሆነም የያዘው ክሎራይድ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ውጤቱ ይጋነናል።

የውሃ ሚዛን፣ ማራኪውና አሳሳቹ

ዝናብ ሲቀነስ ትነት፣ ሲቀነስ ጎርፍ። የቀረው ሪቻርጅ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው፣ ታሪኩም ያምራል። በ1674 ፈረንሳዊው ፒየር ፔሮ በሴን ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ ላይ የሚዘንበውን አስልቶ ወንዙ በዓመት ከሚወስደው ስድስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። ምንጮች ውሃቸውን ከባሕር በምድር ውስጥ ዋሻ ነው የሚያገኙት ይባል በነበረበት ዘመን፣ ዝናቡ ብቻውን ወንዙን ለመመገብ ከበቂ በላይ መሆኑን በቁጥር ማሳየት ትልቅ ነገር ነበር።

ለሪቻርጅ ግን ችግር አለው። ከላይ ባለው ምሳሌ 900 ዘነበ፣ ትነትና ዕፅዋት 700 ወሰዱ፣ 110 በጎርፍ ሄደ፣ 90 ቀረ እንበል። ትነት በቀመር የሚገመት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1998 ያወጣውን የፔንማን–ሞንቲዝ አሠራር በጥንቃቄ ብትጠቀሙ እንኳ የ10 በመቶ ስህተት አይገርምም። ከ700 ላይ 10 በመቶ 70 ነው። ሪቻርጃችሁ ከ20 እስከ 160 የሆነ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ከሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ልዩነት ትንሽ ቁጥር ስትፈልጉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አካባቢው ደረቅ በሆነ ቁጥር ይብሳል። ለመቆጣጠሪያ ተጠቀሙበት፣ ለመልስ አይሁን። የግድ ከሆነ የወር ድምር ላይ ሳይሆን በየቀኑ አስሉት፤ በወሩ ውስጥ በሦስት ቀን ወርዶ ያለቀ ኃይለኛ ዝናብ በወር ድምር ውስጥ ትነት የበላው ሆኖ ይጠፋል።

ወንዙ የሚናገረው

ዝናብ ካቆመ ከሳምንታት በኋላም የሚፈስ ወንዝ ካለ፣ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር ውሃ የሚመጣ ነው፤ ቤዝፍሎው ይባላል። ለብዙ ዓመት የገባው ከሚወጣው ጋር ስለሚመጣጠን ይሄ ፍሰት የሪቻርጅን ዝቅተኛ ግምት ይሰጣል። 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ላይ ቤዝፍሎው በአማካይ በሰከንድ 0.12 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ በዓመት 3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለስፋቱ ሲካፈል 76 ሚሊ ሜትር። ዝቅተኛ ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ወንዙ ጋ ሳይደርስ በዛፍ ሥር የተጠጣው፣ በፓምፕ የወጣው፣ በሥር በሥሩ ተፋሰሱን ጥሎ የሄደው እዚህ ውስጥ የለም። በላይኛው ተፋሰስ ግድብ ካለ ወይም ወንዙ ውስጥ የፍሳሽ ቧንቧ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ይሄን ዘዴ እርሱት።

ገንዘብ ካለ

ትሪቲየም፣ ማለትም ራዲዮአክቲቭ የሆነውን የሃይድሮጅን ዓይነት፣ አስመርምሩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች ከባቢ አየሩን በትሪቲየም ሞልተውት በዝናቡ ውስጥ በ1963 ጫፍ ደርሶ ነበር። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 12.3 ዓመት ስለሆነ የያኔው አሁን ከሠላሳ እጅ አንዱ ያህል ነው የቀረው፣ ግን ትሪቲየም ፈጽሞ የሌለው ውሃ ከነዚያ ሙከራዎች በፊት የገባ ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ትልቅ ዜና ነው፤ የምትቀዱት ውሃ አያቶቻችሁ ያዩት ዝናብ ነው እንደማለት። ከዚያ ለሚያረጅ ካርቦን-14 አለ፤ ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና ቻድ የሚጋሩት የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ አኩፈር ውሃ ሰሃራ እርጥብ በነበረበት ዘመን፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የገባ መሆኑ የታወቀው በእንዲህ ዓይነት ምርመራ ነው።

ሳተላይትስ? በ2002 የመጠቀውና በ2017 ሥራውን ያቆመው ግሬስ የምድር ስበት ለውጥን በመለካት የውሃ ክምችት መጨመርና መቀነስን ያሳይ ነበር፤ በ2018 የተካው ተከታዩም ያንኑ ይሠራል። ግሩም ነገር ነው፣ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ለሚለካ አካባቢ። ለ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ የግሬስ ካርታ የለጠፈ ሪፖርት ካያችሁ ገጹን ለማሳመር ነው።

ቁጥሮቹን ማፋጠጥ

እንግዲህ በእጃችን ያለው፦ ከጠለሉ 144፣ ከክሎራይድ 84፣ ከወንዙ ቢያንስ 76፣ ከውሃ ሚዛን ደግሞ 90 የሚመስል ግን ከ20 እስከ 160 የሚዋዥቅ። አማካይ ለማውጣት እጃችሁን አታንሱ። መጀመሪያ ለምን ተለያዩ በሉ።

ክሎራይድ የብዙ ዓመታትን ውጤት ደምሮ ነው የሚያሳየው፣ ጠለሉ የዘንድሮን ብቻ። ዘንድሮ ዝናቡ ከወትሮው በልጦ ነበር? መዝገብ እዩ። ካልበለጠ ተጠርጣሪው ስፔሲፊክ ዪልድ ነው፤ 84 ሚሊ ሜትርን ለ1800 ብታካፍሉ 4.7 በመቶ ይመጣል። አሁን ወደ ቁፋሮው መዝገብ ተመለሱ፦ ጠለሉ በሚነሳበትና በሚወርድበት ጥልቀት፣ ከ11 እስከ 13 ሜትር፣ ደለሉ ሸክላ የተቀላቀለበት ነው ይላል? ከሆነ እንቆቅልሹ ተፈታ። ካልሆነ ጉድጓዱ ወንዙ አጠገብ ሆኖ የጎርፍ ውሃ እየተቀበለ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ለሜዳው ሁሉ አይሠራም። ምርምሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። የዘዴዎቹ አለመስማማት ስለመሬቱ ያስተምራል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ከተስማሙ እንዲያውም እኔ እጠራጠራለሁ።

ሪፖርት ስትጽፉ በክልል ጻፉ። «ከ75 እስከ 110 ሚሊ ሜትር፣ በአብዛኛው ወደ 85 የሚጠጋ» በሉና ለምን እንዳላችሁ ግለጹ። ወደ መጠን ስትቀይሩ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1000 ሜትር ኩብ ነው፤ 85 በ50 ካሬ ኪሎ ሜትር 4.25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ያልተቀነባበረውን ዳታ፣ ጭረቱ ያለበትን ቦታና የቧንቧውን አፍ ከፍታ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው የናንተን መደምደሚያ ሳይሆን እነዚህን ነው።

ይሄን ያህል ገባ ማለት ይሄን ያህል ይቀዳ ማለት አይደለም

ሪፖርቱ ከእጃችሁ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንግዲያው በዓመት 4.25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብንቀዳ ችግር የለውም አይደል?» የሚል ነው። አለው። ቻርልስ ታይስ የተባለው አሜሪካዊ ሃይድሮጂኦሎጂስት በ1940 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ፓምፕ የሚያወጣው ውሃ ወይ ከክምችቱ ይመጣል፣ ወይ ተጨማሪ ሪቻርጅ ይስባል፣ ወይ ቀድሞ ይወጣ ከነበረው ላይ ይቀንሳል። ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ያ ሁሉ ውሃ ሥራ ፈት አልነበረም፤ ምንጭ ያፈልቅ ነበር፣ ወንዙን በደረቅ ወቅት ያስኬድ ነበር፣ ረግረጉን ያረጥብ ነበር። የገባውን ሁሉ ከቀዳችሁ፣ ተጨማሪ ውሃ የሚስብበት መንገድ ከሌለ፣ ውሎ አድሮ እነዚህ ይነጥፋሉ። ውሎ አድሮ የሚለው ደግሞ ዓመታት፣ ትልልቅ አኩፈሮች ላይ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም የተነካ ነገር የሌለ ይመስላል።

እናም ጥያቄውን «ምን ያህል ገባ» ላይ አትጨርሱት፤ «ከየትኛው መውጫ ላይ ስንት እንዲቀንስ ፈቅደናል» ወደሚለው አምጡት። ለዚህ ደግሞ ከፓምፑ በፊት የነበረው ፍሰት መታወቅ አለበት። ቁፋሮ የታሰበበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አስቀድማችሁ ዋና ዋና ምንጮቹ ላይ መለኪያ ትከሉ፤ ለትናንሽ ምንጮች ባለ ሦስት ማዕዘን ቁርጥ ያለው የእንጨት ወይም የብረት ሰሌዳና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። ፓምፑ አንዴ ከተነሳ በኋላ ያንን ቁጥር ከየትም አታገኙትም።